ከመሠረት ድንጋዩ በፊት ውሉ ይቅደም

የአንድ አካባቢ ነዋሪዎች «የእንግዳ ማረፊያና መሰብሰቢያ ቤት እንሥራ» ብለው ሲነሡ በቅድሚያ የሚወያዩት ስለ ቦታው፣ ስለ ግንቡና ስለ ቆርቆሮው ነው። ገንዘቡ ከየት ይምጣ የሚለው ይከተላል። ቤቱ ከተመረቀ በኋላ በወር ስንት ያወጣል፣ ሲከስር ማን ይሸፍናል፣ ሲያተርፍስ ለማን ይደርሳል የሚለው ጥያቄ ግን ብዙ ጊዜ ይዘገያል። የሕዝብ ድጋፍ የሚጸናውም የሚላላውም በዚሁ ጥያቄ ላይ ነው።

በአገራችን የሚጠና ልምድ አለ። በሰሜን ወሎ መቄት ወረዳ «ተስፋ» በሚል ስም የሚታወቀው የማኅበረሰብ ቱሪዝም እንቅስቃሴ እ.ኤ.አ. በ2003 በመቋት ማርያም ሥራ ጀመረ። ማረፊያዎቹ የአካባቢው ሰው መሥራትም መጠገንም በሚያውቃቸው ጎጆዎች መልክ ታነጹ። ምግብ የሚያበስለው፣ አልጋ የሚያነጥፈው፣ የእንግዳውን ጓዝ በአህያ የሚጭነው የዚያው መንደር ሰው ነው። ከኢኮኖሚ አንጻር ትልቁ ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው፤ እንግዳው የከፈለው ብር ለእንቁላሉ፣ ለሽሮው፣ ለአህያው ኪራይና ለወጥ ቤቷ ደመወዝ ሆኖ እዚያው መንደር ውስጥ ይዞራል። ዕቃውም ባለሙያውም ከሩቅ ከተማ የሚመጣለት ሆቴል ግን ከገቢው ብዙውን መልሶ ወደ ውጭ ይልካል።

ሁለተኛው ልምድ የመንዝ ጓሳ ነው። የመንዝ ሰው ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት የሚያስፈልገውን የጓሳ ሣር «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቅ ኖሯል፤ አጀማመሩ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ይደርሳል። ሣሩ ለዓመታት ተከልክሎ ይቆይና በጋራ ውሳኔ ለአጨዳ ይከፈታል። የ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት ቢያናጋውም ነዋሪው በኋላ ጥበቃውን በአዲስ መተዳደሪያ ደንብ መልሶ አቆመ። ከዚያም ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ለማየት የሚመጣ እንግዳ የሚያድርበት የማኅበረሰብ ማረፊያ እዚያ ተሠራ። ቅደም ተከተሉን ልብ እንበል፤ ደንቡ ከቤቱ በፊት ነበር።

ያለፉት ዓመታት ደግሞ ሌላ ትምህርት ሰጥተዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና መጣ፤ በ2013 መጨረሻ የሰሜኑ ጦርነት ላስታንና ላሊበላን አዳረሰ፤ በ2015ም በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተነሣ። በዚህ ሁሉ የውጭ እንግዳ ቀረ። ኑሮውን በቱሪስት አልጋ ላይ ብቻ የመሠረተ ቤት እንዲህ ያለውን ጊዜ የሚሻገርበት ገቢ የለውም።

መውጫው መሰብሰቢያው ነው ብዬ አምናለሁ። ለማሳያ ያህል 8 አልጋ ያለው ማረፊያ እንውሰድ። የጥበቃ፣ የጽዳት፣ የጥገናና የመብራት ቋሚ ወጪው በወር 40,000 ብር ነው እንበል። አንድ አዳር በ600 ብር ቢሸጥና ለቁርስ፣ ለውኃና ለአንሶላ አጠባ 200 ብር ቢወጣበት፣ ለቋሚ ወጪው የሚተርፈው 400 ብር ነው። ቤቱ እንዳይከስር በወር 100 አዳር መሸጥ አለበት፤ ይህም ካሉት 240 አዳሮች 42 በመቶ ያህሉ ነው። በክረምት መንገዱ ሲጨቀይ ይህን ማሳካት ከባድ ነው። አሁን አዳራሹን እንጨምርበት። በወር 4 ጊዜ ለሠርግ፣ ለተዝካር ወይም ለወረዳ ሥልጠና ተከራይቶ በእያንዳንዱ 5,000 ብር ቢያተርፍ 20,000 ብር ይገኛል። የሚፈለገው አዳር በግማሽ ቀንሶ 50 ይሆናል። እንግዳ በሚጠፋበት ወር እንኳ የጥበቃውና የጽዳቱ ደመወዝ አይቋረጥም።

አንድ እንቅፋት ግን ከወዲሁ መፈታት አለበት። የገናና የጥምቀት እንግዳ የሚበዛው የጥር ሠርግ በሚደራረብበት ሰሞን ነው። አዳራሹን ለጎረቤት ሠርግ ወይስ ለአስጎብኚ ድርጅት ቡድን እንስጥ የሚለው ጠብ የሚነሣው ያኔ ነው። ስለዚህ የዓመቱ ቀጠሮ በመስከረም በጠቅላላ ጉባኤ ይውጣ፤ ለነዋሪው የሚጠበቁ ቀኖች ይታወቁ፤ የአባልና የውጭ ሰው ዋጋ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ኮሚቴው ለዘመድ ቀን ይሸጣል የሚል ጥርጣሬ አንዴ ከገባ መዋጮው ይቆማል።

ድጋፍ የሚሰበሰብበት መንገድም ከእድር ሊቀዳ ይገባል። እድር የሚጸናው ወርኃዊ ክፍያው የታወቀ፣ ጥቅሙ የተቆረጠ፣ የቀረ የሚቀጣበት ስለሆነ ነው። ብዙ እድር ድንኳን፣ ወንበር፣ ድስትና ሳህን አለው፤ ማስቀመጫና መሰብሰቢያ ግን ይቸግረዋል። አዲሱ ቤት ለእድሩ መጋዘንና አዳራሽ ቢሰጥ፣ እድሩም በምላሹ የዓመት ኪራዩን አስቀድሞ ቢከፍል፣ ግንባታው ሳይጀመር የመጀመሪያው አስተማማኝ ደንበኛ ተገኘ ማለት ነው። ጥሬ ገንዘብ የሌለው ቤተሰብ ደግሞ ድንጋይ ያቅርብ፣ በደቦ ይሥራ፤ ዋጋው ተተምኖ በዕጣ ድርሻ ይመዝገብለት። ሳይመዘገብ የተሰጠ ጉልበት ትርፍ በሚከፋፈልበት ቀን ይረሳል፤ የሚረሳውም ብዙ ጊዜ የሴቶችና የድሆች ጉልበት ነው።

ለዚህ የሚስማማው ሕጋዊ አካል የኅብረት ሥራ ማኅበር ነው። ብዙ ዕጣ የገዛውም አንድ ዕጣ ያለውም በጉባኤ እኩል አንድ አንድ ድምፅ አላቸው። ስለ ብድር ግን ጥንቃቄ እመክራለሁ። አዋጅ ቁጥር 1147/2011 እንስሳትንና የገበሬን የይዞታ መብት ጭምር ለብድር ዋስትና ለማዋል በር ከፍቷል። ይህ ለግለሰብ አርሶ አደር ትልቅ ዕድል ነው። ገቢው በዝግታ ለሚመጣ የጋራ ቤት ግን የአባላትን በሬ ማስያዝ አይገባም። ግድግዳው በዕጣና በእርዳታ ይቁም፤ ብድሩ ቶሎ ገቢ ለሚያመጡት ለአልጋ፣ ለፍራሽና ለሶላር ይሁን።

ለወረዳ አስተዳዳሪዎች፣ ለረድኤት ድርጅቶችና በውጭ አገር ሆነው ለትውልድ መንደራቸው ገንዘብ ለሚያዋጡ ወገኖች የማቀርበው ሐሳብ አንድ ነው። ገንዘቡን በአንድ ጊዜ አትልቀቁት። የመጀመሪያው ክፍያ የአባላት መዝገብ፣ የዋጋ ዝርዝርና የትርፍ ክፍፍል ደንብ በጉባኤ ሲጸድቅ ይለቀቅ፤ ሁለተኛው የነዋሪው መዋጮ ባንክ ሲገባ፤ የመጨረሻው ቤቱ ሥራ ጀምሮ የመጀመሪያው ዓመት ሒሳብ በኦዲተር ተመርምሮ ለአባላት በይፋ ሲነበብ። እንዲህ ከሆነ ነዋሪው ቤቱን ይጠብቃል፣ ይጠግናል፤ እንግዳ በቀረበት ዓመትም አይዘጋውም።