ክብደት ሲቀንስ የሚነሣ ሪህ

ሪህ ያለበትና ሰውነቱ የከበደ ሰው ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ ከመድኃኒቱ ጋር አንድ ምክር ይሰጠዋል፤ ክብደት ቀንስ። ምክሩ ትክክል ነው። ግን በጥድፊያ የተገበረው፣ ቀኑን ሙሉ እህል ውኃ ሳይቀምስ ሳምንቱን የገፋ ሰው፣ ሌሊት ላይ የእግሩ አውራ ጣት አብጦና ቀልቶ ሊነቃ ይችላል፤ አንሶላ እንኳ ሲነካው አይችልም። ሥጋ አልበላም፣ መጠጥም አልጠጣም። ታዲያ ሕመሙ ከየት መጣ?

ጥያቄው በወላይታ ዞን፣ በዱጉና ፋንጎ ወረዳ ከተማ በዲምቱና በአካባቢዋ ላሉ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ወላይታ ሥጋ ያውቃል። በመስከረም ጊፋታ ሲደርስ ጎረቤታሞች ሲያጠራቅሙ የቆዩትን ገንዘብ አዋጥተው ሰንጋ ይጥላሉ፤ ቁርጡ በዳታ በርበሬ እየተጠቀሰ ለቀናት ይበላል፤ ቦርዴውም ከጎኑ አይጠፋም። በዓሉ ሲያልፍ ደግሞ ሱሪው የጠበበው ሰው በቃኝ ብሎ ምግብ ያቋርጣል። ለሪህ በሽተኛ በዓሉም ከበዓሉ በኋላ ያለው ረሃብም ያሠጋሉ፤ ሁለተኛውን ግን የሚጠረጥረው ጥቂት ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ፒዩሪን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች ነው። ፒዩሪን በምግብ ውስጥ አለ፤ የራሳችን ሴሎችም ሲያረጁና ሲፈርሱ ያወጡታል። ሰውነት ሲያብላላው ዩሪክ አሲድ ይሆናል። አብዛኞቹ አጥቢ እንስሳት ዩሪክ አሲድን የሚሰባብር ኢንዛይም አላቸው፤ የሰው ልጅ ግን በዝግመተ ለውጥ ሂደት ስላጣው በኩላሊትና በአንጀት ማስወገድ ግድ ሆኖበታል። ከሚወጣው ውስጥ ሁለት ሦስተኛው ያህል የኩላሊት ድርሻ ነው። በደም ውስጥ ያለው መጠን በዴሲሊትር 6.8 ሚሊግራም ገደማ ሲያልፍ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ ሲቀዘቅዝ ከሥሩ እንደሚዘቅጥ፣ ትርፉ በመገጣጠሚያ ውስጥ መርፌ መሳይ ክሪስታል እየሠራ ይከማቻል። የእግር አውራ ጣት ከልብ የራቀና ቀዝቃዛ በመሆኑ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ተጠቂ እሱ ነው።

ክሪስታሉ ግን ለዓመታት ሳያሳምም ሊቀመጥ ይችላል። ሕመሙን የሚቀሰቅሰው የሰውነት መከላከያ ነው። በስዊዘርላንድ ሎዛን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 እንዳሳዩት፣ የመከላከያ ሴሎች ክሪስታሉን ሲውጡ በውስጣቸው አንድ የማንቂያ ሥርዓት ይነሣና ብግነት የሚያስነሣ ኬሚካል ይረጫሉ። የዩሪክ አሲድ መጠን በድንገት ሲወጣም ሆነ በድንገት ሲወርድ የተከማቸው ክሪስታል ይናጋል፤ መከላከያውም ይነቃል።

አሁን ወደ ጾመኛው ሰው እንመለስ። ሰውነት በቂ ምግብ ሲያጣ ስብ ያቃጥላል፤ ከሚቃጠለውም ስብ ኪቶን የተባሉ አሲዶች ወደ ደም ይገባሉ። ኩላሊት እነዚህን በሚያስተናግድበት ጊዜ ዩሪክ አሲድን ከማስወገድ ይልቅ መልሶ ወደ ደም ያስገባዋል። ሴሎችም በፍጥነት ሲፈርሱ ተጨማሪ ፒዩሪን ይለቃሉ። ጾም ዩሪክ አሲድን እንደሚያስቀር ሐኪሞች እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ ያውቁታል። በዚህ ላይ ውኃ ካልተጠጣ ሽንቱ ይወፍራል፤ ከዲምቱ ወደ ብላቴ በሚወርደው ቆላ ፀሐይ ሥር ሲሠራ ለሚውል ገበሬ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ጥቃቱ በሌሊት የሚበዛውም በከንቱ አይደለም፤ በአሜሪካ የተደረገ ጥናት ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋት ሁለት ሰዓት ያለው ጊዜ ከቀኑ ጋር ሲነጻጸር አደጋው 2.4 እጥፍ መሆኑን አግኝቷል።

ታዲያ ክብደት መቀነሱ ይቅር? አይቅር። በዚሁ በአፍሪካ፣ በጆሃንስበርግ የተደረገ አንድ ትንሽ ጥናት መልስ አለው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2000 የታተመው ይህ ጥናት ሪህ ያለባቸውን 13 ወንዶች ለ16 ሳምንታት በቀን 1600 ካሎሪ ገደማ መገበ። ጣፋጭና የተጣራ እህል ባልተጣራ ተተካ፤ ጎጂ ቅባት ቀነሰ፤ ፒዩሪን ያለበት ምግብ ግን ለይቶ አልተከለከለም። ሰዎቹ በአማካይ 7.7 ኪሎ ቀነሱ፤ በወር 2.1 ጊዜ ይመጣባቸው የነበረው ጥቃት ወደ 0.6 ወረደ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ቢሆንም ፍጥነቱን ልብ ማለት ያሻል፤ በሳምንት ግማሽ ኪሎ ያህል ነው። የሪህ በሽተኛ ይዞት ሊነሣ የሚገባው ልክ ይህ ነው፤ በአሥር ቀን አሥር ኪሎ የሚል ማስታወቂያ ለእሱ አይሆንም።

ስለ ምግቡ ብዙ ሰው ያለ ጥፋቱ ሽሮን ይፈራል። አተር፣ ባቄላ፣ ምስርና ቦሎቄ ፒዩሪን ስላላቸው ተዋቸው የሚል ምክር ዛሬም ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመና 47,150 ወንዶችን ለ12 ዓመታት የተከታተለ የአሜሪካ ጥናት ግን ሥጋና የባሕር ምግብ የሪህን አደጋ ሲጨምሩ፣ ፒዩሪን ያላቸው አትክልቶችና ጥራጥሬዎች እንደማይጨምሩ፣ የወተት ተዋጽኦ ደግሞ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጥቅሙ ጎልቶ የታየው ቅባቱ በወጣለት ወተት ላይ ነው፤ ቅቤው ተንጦ የወጣለት አሬራ በየቤቱ ያለ ነው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ የሚፈልግ ሰው ሽሮውንና ቦሎቄውን ይዞ፣ ዘይቱንና ቅቤውን፣ የቆጮውንና የስኳር ድንቹን መጠን ቢቀንስ ይሻላል።

ከሥጋ ወገን ጉበትና ኩላሊት፣ ስለዚህም ዱለት፣ ከሁሉ ይከብዳሉ። ለታመመ ሰው ተብሎ የሚቀርበው የቅቅል መረቅም እንዲሁ ነው፤ ሥጋ ሲቀቀል ፒዩሪኑ ወደ ውኃው ይወጣል። እግሩን ይዞ የተኛን ሰው በመረቅ ማስታመም ደግነት ነው፤ ለሪህ ግን አይመከርም። ቢራ ደግሞ አልኮሉም ፒዩሪኑም አብረው ይገቡበታል። ለስላሳ መጠጥ ብዙዎች ከቢራ የሚሸሹበት ነው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ጣፋጭ ለስላሳ የሚጠጡ ወንዶች ለሪህ ያላቸው አደጋ በወር አንድ እንኳ ከማይሞሉት በ85 በመቶ ገደማ ይበልጥ ነበር። ውኃና ስኳር ያልበዛበት ቡና ይሻላሉ።

ጥቃቱ ከጀመረ ግን ምግብ መምረጥ አይበቃም። እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ማድረግ ሕመሙን ያቀላል። ማሸት፣ መጎተትና ወጌሻ ዘንድ መውሰድ የተቆጣውን መገጣጠሚያ ያባብሰዋል። ከመድኃኒቶቹ መካከል ኮልቺሲን፣ ኢንዶሜታሲንን የመሳሰሉ የብግነት ማስታገሻዎችና ፕሬድኒሶሎን ይገኛሉ፤ በቶሎ ሲጀመሩ ይሠራሉ። ኮልቺሲን ሲበዛ ሆድ ያስቀምጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ ጥናት ደግሞ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚወሰድ 1.8 ሚሊግራም፣ ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን 4.8 ሚሊግራም ያህል እንደሚሠራና ተቅማጡም በጣም ያነሰ መሆኑን አረጋግጧል። ኩላሊቱ የደከመ፣ የጨጓራ ቁስለት ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው ከመድኃኒት ቤት ዳይክሎፌናክ ገዝቶ በራሱ ፈቃድ መዋጥ የለበትም።

ጥቃት የሚደጋገምበት ሰው አሎፑሪኖል ይታዘዝለታል። ይህ መድኃኒት የዩሪክ አሲድን መሠራት ይቀንሳል፤ ከፈጣሪዎቹ መካከል ገርትሩድ ኤሊየንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። በቀን ከ100 ሚሊግራም ባልበለጠ መጠን ተጀምሮ ቀስ እያለ ይጨመራል፤ ግቡ በደም ውስጥ ያለውን የዩሪክ አሲድ መጠን በዴሲሊትር ከ6 ሚሊግራም በታች ማውረድ ነው። እዚህም የፍጥነቱ ነገር ይመለሳል፤ መጠኑ ሲወርድ ክሪስታሉ ስለሚናጋ፣ ለመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ትንሽ ኮልቺሲን ወይም ሌላ ማስታገሻ ለመከላከያ ይሰጣል። ክብደት እየቀነሰ ጥቃት የደጋገመበት ሰውም ስለዚህ መከላከያ ሐኪሙን ቢጠይቅ ያዋጣዋል። አሎፑሪኖልን ከዚህ ቀደም የጀመረ ሰው ጥቃት በመጣ ቁጥር ማቋረጥ የለበትም። ለደም ግፊት የሚታዘዘው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ዩሪክ አሲድን ስለሚጨምር ለሐኪሙ ማስታወስ ተገቢ ነው። ስኳር በሽታም ከዚሁ ጋር ይጎዳኛል፤ በጎረቤት ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 በወጣ ጥናት ከዓይነት ሁለት የስኳር ሕሙማን ከሦስቱ አንዱ ያህል ዩሪክ አሲዱ ከልክ በላይ ሆኖ ተገኝቷል።

በወላይታ ግን ያበጠ እግር ሁሉ ሪህ አይደለም። በባዶ እግር ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ ለዓመታት በመሄድ የሚመጣው ፖዶኮኒዮሲስ፣ በተለምዶ ዝሆኔ የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመ ጥናት በዞኑ ከሚኖሩ ሰዎች 5.46 በመቶውን ይዞ ተገኝቷል። እሱም አልፎ አልፎ ትኩሳትና ሕመም ያለው ጥቃት ይዞ ይመጣል። ዝሆኔ እግርን ቀስ በቀስ፣ በዓመታት ያሳብጣል፤ ሪህ በአንድ ሌሊት ጣራ ይነካና ባይታከምም በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ይለቃል። ለዝሆኔ በሶዶ ከተማ የተጀመረው የሞሲ ፉት ፕሮጀክት እግርን በሳሙና በማጠብ፣ በቅባት በማለስለስና በጫማ ብዙዎችን ረድቷል፤ ለዚህ እግር ኮልቺሲን አይሠራም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከአንድ መገጣጠሚያ እብጠት ጋር ከመጣ ደግሞ የመገጣጠሚያ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። የደም ምርመራውም ያሳስታል፤ በጥቃቱ መካከል የዩሪክ አሲድ መጠን ጤነኛ መስሎ ሊወጣ ይችላል። ውጤቱ ደህና ነው ተብሎ የተመለሰ ሰው ጥቃቱ ካለፈ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ደሙን ሊያስመረምር ይገባል።