መልኩ የተለየ ጥርስ ሁሉ በሽተኛ አይደለም

በዲማ የምትኖር ታናሽ እኅቴ የ11 ዓመት ሴት ልጇን ይዛ ወደ ጥርስ ነቃይ ልትሄድ ስትነሣ ደረስሁባት። ምክንያቱን ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ የጎረቤታችን ልጅ ጥርስ ጫፉ ሁለት ነው፤ የእርሷ ግን ሦስት ሆኖ በቀለ። ደግ ነገር አይደለምና ሥር ሳይሰድ ይነቀል» አለችኝ። እኔም ሥራዬ በችሎት የዳኞችን ቃል መጻፍ ነውና፥ ምስክር ሳይሰማ ፍርድ እንዳትሰጥ ለመንኋት።

ይህ ጥርስ ከክራንቻ በስተኋላ፥ ከመንጋጋ በስተፊት የሚበቅለው ነው፤ ቅድመ መንጋጋ ይሉታል። ቍጥሩ ከላይ 4፥ ከታች 4፥ በጠቅላላው 8 ሲሆን፥ የወተት መንጋጋዎች ሲወልቁ ከ10 እስከ 12 ዓመት ባለው ዕድሜ በስፍራቸው ይተካል። መልኩ ግን በሰው ሁሉ አንድ አይደለም። ከታች ያለው ሁለተኛው በአንዳንዱ ሰው ሁለት ጫፍ፥ በሌላው ሦስት ጫፍ አለው፤ ሁለቱም ጤነኞች ናቸው። ከላይ ያለው ፊተኛው ብዙ ጊዜ ሁለት ሥር ሲኖረው፥ ተከታዩ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሥር ብቻ አለው። ከነጭራሹ የማይበቅልላቸው ሰዎችም አሉ።

ልዩነቱም ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ድንቅነሽ በ1967 ዓ.ም. በተገኘችበት በአፋር ምድር በሐዳር፥ ከ3 ሚሊዮን ዓመት በፊት የኖሩ የወገኖቿ ጥርሶች ተገኝተዋል። ሊቃውንት ሲመረምሯቸው ከታች ያለው ፊተኛው ቅድመ መንጋጋ በአንዳንዶቹ አንድ ጫፍ፥ በሌሎቹ ሁለት ጫፍ ሆኖ ታየ፤ ሆኖም ብዙዎቹ ሊቃውንት ዘራቸው አንድ እንደ ሆነ ይስማማሉ። የዲማ የቅኔ ተማሪዎች ከአንድ መምህር ተምረው ቅኔያቸው እንደሚለያይ ያለ ነው።

ይህን ከነገርኋት በኋላ መስተዋት ሰጥቼ የገዛ አፏን እንድታይ አደረግሁ። ብትመለከት የእርሷም ሦስት ጫፍ ሆኖ ተገኘ! «ይህን ሁሉ ዘመን እንጀራ በልቼበት ሳላውቀው ኖሬአለሁ» ብላ ሣቀች፤ ልጂቱም ከነጥርሷ ቀረች።

ወላጆች ሆይ፥ ይህ ጥርስ አንድ ጊዜ ከተነቀለ ሌላ አይተካለትም። ሕመም፥ እብጠት፥ መግል ወይም መጥቆር የታየ እንደ ሆነ ሳይዘገዩ ለጥርስ ሐኪም ማሳየት ይገባል። የተለየው መልኩ ብቻ ከሆነ ግን፥ በጫፎቹ መካከል ምግብ እንዳያድር ዕለት ዕለት ማጽዳት እንጂ ጉጠት አያሻውም።