የሜካኒካል የእጅ ሰዓት ክፍሎች ቅየራ

የሜካኒካል የእጅ ሰዓት ክፍሎች ቅየራ በፋብሪካ የተሠራን ሰዓት ፈትቶ፣ አንዳንድ ክፍሎቹን ሌሎች አምራቾች በሠሯቸው ክፍሎች በመተካት መልኩን ወይም አሠራሩን የመለወጥ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ከጥገና የሚለየው ሰዓቱ ሳይበላሽ፣ በባለቤቱ ምርጫ ብቻ የሚደረግ በመሆኑ ነው። ክፍሎቹ ተለዋዋጭ የሚሆኑት መጠናቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ የተቀየረ ሰዓት ውኃ መቋቋሙም ሆነ ማንነቱ በፋብሪካው ቃል የተረጋገጠ መሆኑ ያበቃል።

የሰዓቱ ክፍሎች

ሜካኒካል ሰዓት ባትሪ የለውም። ኃይል የሚያገኘው ከተጠቀለለ ሞላ ነው። ሞላው ቀስ በቀስ ሲፈታ ጥርስ ያላቸውን መዘውሮች ያዞራል፤ ወዲያና ወዲህ የሚወዛወዝ ሌላ ትንሽ መዘውር ደግሞ ፍጥነታቸውን ይቆጣጠራል። እነዚህ በአንድነት የሰዓቱ ማሽን ይባላሉ። አውቶማቲክ በሚባለው ዓይነት፣ ከእጅ እንቅስቃሴ ጋር የሚሽከረከር ክብደት ሞላውን ይሞላዋል።

ከማሽኑ ውጭ ያሉት ቀፎው፣ ቁጥሮች ያሉበት ፊት፣ የሰዓት፣ የደቂቃና የሰከንድ ቆጣሪዎች፣ መስታወቱ፣ በመስታወቱ ዙሪያ ያለው ቀለበት፣ በጎን ያለው መሙያና ማሰሪያው ናቸው። ቅየራው በአብዛኛው የሚካሄደው በእነዚህ ላይ ነው።

የሴይኮ ሰዓቶች

በዚህ ሥራ በስፋት የሚታወቁት የጃፓኑ ሴይኮ ሰዓቶች ናቸው። ድርጅቱ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1881 በቶኪዮ በኪንታሮ ሃቶሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ኤስኬኤክስ007 የተባለው የጠላቂዎች ሰዓት ዋጋው መጠነኛ፣ ቀፎውም ጠንካራ ስለነበር የብዙ ጀማሪዎች ምርጫ ሆነ። ምርቱ ከቆመ በኋላም ለእርሱ የሚሆኑ ክፍሎች መሠራታቸው ቀጥሏል።

ዋናው ምክንያት መጠን ነው። በኤስኬኤክስ007 ውስጥ ያለው 7ኤስ26 ማሽን በሌሎች በርካታ የሴይኮ ሰዓቶችም ውስጥ ይገኛል። ለእርሱ የሚሆን የተለመደው ፊት 28.5 ሚሊሜትር ስፋት አለው። የሰዓት ቆጣሪው ቀዳዳ 1.5፣ የደቂቃው 0.9፣ የሰከንዱ ደግሞ 0.2 ሚሊሜትር ነው። እነዚህን ልኮች የጠበቀ ማንኛውም አምራች የሚገጥም ክፍል መሥራት ይችላል።

7ኤስ26 መሙያውን በእጅ በማዞር አይሞላም፤ ሰዓቱ ሲስተካከልም የሰከንድ ቆጣሪው አይቆምም። ስለዚህ አንዳንዶች ማሽኑን ራሱን፣ ሁለቱንም በሚያደርገው ኤንኤች36 ይተኩታል። ኤንኤች36 ቀንና ዕለት ያሳያል፤ ወንድሙ ኤንኤች35 ግን ቀን ብቻ ነው። ሁለቱም በሰከንድ 6 ጊዜ ይመታሉ፤ ለሌሎች ሰዓት አምራቾችም ይሸጣሉ።

ሁሉም ነገር ግን አይገጥምም። የኤስኬኤክስ007 መሙያ ያለው በ3 ቁጥር ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ 4 ቁጥር ተጠግቶ ነው። በፊቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ቀጫጭን እግሮች ለዚህ አቀማመጥ ካልተሠሩ 12 ቁጥር ከቦታው ዞር ብሎ ይቀመጣል።

አሠራር

በመጀመሪያ የጀርባው ክዳን ተከፍቶ የመሙያው ዘንግ ይወጣል፤ ማሽኑም ከቀፎው ይለያል። ከዚያ ቆጣሪዎቹና ፊቱ ተነስተው አዲሶቹ ይገጠማሉ። ለዚህ ወረንጦ፣ ትንንሽ ካቻቢቴ፣ ማጉያ መነጽርና ከአቧራ የጸዳ ጠረጴዛ ያስፈልጋል።

ጥንቃቄ የሚፈልገው ቆጣሪዎቹን መግጠም ነው። መሙያው እየዞረ ቀኑ በሚቀየርበት ቅጽበት ይቆማል፤ የሰዓትና የደቂቃ ቆጣሪዎቹም በ12 ቁጥር ላይ ይጫናሉ። አለበለዚያ ቀኑ ያለ ሰዓቱ ይለወጣል። በኢትዮጵያ አቆጣጠር በሚነበብ ሰዓት ግን፣ እንዲህ የተገጠመ ቆጣሪ ቀኑን የሚቀይረው ንጋት ወይም ምሽት 12 ሰዓት ላይ ነው። ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ እንዲለወጥ ከተፈለገ፣ ቀኑ በተቀየረበት ቅጽበት የሰዓት ቆጣሪው በ6 ቁጥር ላይ መገጠም አለበት።

ጥንቃቄዎች

ኤስኬኤክስ007 ከፋብሪካ ሲወጣ እስከ 200 ሜትር ጥልቀት ድረስ ለመጥለቅ የተሠራ ነው። ውኃ እንዳይገባ የሚከላከሉት በክዳኑ፣ በመስታወቱና በመሙያው ዙሪያ ያሉ የጎማ ቀለበቶች ናቸው። ከእነዚህ አንዱ ከተጨማደደ ወይም አዲሱ መስታወት በልኩ ካልተቀመጠ፣ በክዳኑ ላይ የተጻፈው 200 ሜትር ትርጉም አይኖረውም። ስለዚህ የተከፈተ ሰዓት በግፊት መሞከሪያ መሣሪያ ሳይፈተሽ ወደ ውኃ ሊገባ አይገባም።

ማግኔት የያዘ መሣሪያ ማሽኑን ሊያስቸኩለው ይችላል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የተሠሩ አንዳንድ ሰዓቶች ደግሞ በጨለማ እንዲያበሩ ራዲየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ተቀብተዋል። ዱቄቱ ወደ ሰውነት ከገባ ስለሚጎዳ እነዚህን በቤት መክፈት አይመከርም።

ሕግና ሽያጭ

ሰው የራሱን ሰዓት ለራሱ ቢቀይር ብዙም ክርክር አያስነሳም። ጥያቄው የሚመጣው ሰዓቱ የአምራቹን የንግድ ምልክት እንደያዘ ሲሸጥ ነው። በአሜሪካ የሚገኘው ቮርቲክ የድሮ የኪስ ሰዓት ማሽኖችን በአዲስ ቀፎ እየከተተ የእጅ ሰዓት ያደርጋል። ከማሽኖቹ መካከል የሃሚልተን ሥራዎች ስለነበሩ ሃሚልተን ከሰሰው፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2021 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለቮርቲክ የተሰጠውን ፍርድ አጸና። ቮርቲክ የትኛው ክፍል የማን እንደሆነ በግልጽ መናገሩ ለፍርዱ ክብደት ነበረው። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ2024 ሌላ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ የሌላ አምራች ክፍል የተገጠመባቸውን ሰዓቶች በሮሌክስ ስም የሸጠ ነጋዴ የንግድ ምልክት መብት ጥሷል የሚለውን ውሳኔ አጽንቷል።

ያለ ፈቃድ የታዋቂ ድርጅት ስም የታተመበት ፊት ሰዓቱን ወደ ፎርጅድ ያስጠጋዋል። በሰብሳቢዎች ዘንድም የፋብሪካ ክፍሎቹን ያጣ ሰዓት ብዙውን ጊዜ ዋጋው ይቀንሳል። በዚህ ምክንያት ልምድ ያላቸው ሰዎች የወጡትን ክፍሎች አይጥሉም፤ ሰዓቱ ለሌላ ሰው ሲተላለፍም የተቀየሩትን በዝርዝር ጽፈው ከነባሮቹ ክፍሎች ጋር አብረው ይሰጣሉ።