ጣሪያውና ዝርዝሩ፦ በአሜሪካ ሜዲኬር የአረጋውያን የመድኃኒት ሽፋን አወቃቀር

ሜዲኬር የዩናይትድ ስቴትስ መንግሥት በዋናነት ዕድሜያቸው 65 ዓመት ለሞላ ሰዎች የሚሰጠው የጤና መድን ነው። በፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን ፊርማ እ.ኤ.አ. በ1965 ሲመሠረት የሆስፒታልና የሐኪም ወጪን ይሸፍን ነበር እንጂ ታካሚው ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ በቤቱ የሚወስደውን መድኃኒት አይጨምርም ነበር። ይህን ክፍተት ለመሙላት ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ እ.ኤ.አ. በ2003 የፈረሙት ሕግ «ክፍል ዲ» የተባለውን የመድኃኒት ሽፋን ፈጠረ፤ አገልግሎቱም በጃንዋሪ 2006 ተጀመረ። ከዚያ ወዲህ ከተደረጉት ማሻሻያዎች ትልቁ በ2022 የወጣው ሕግ ሲሆን፣ ታካሚው በዓመት ከኪሱ የሚያወጣውን ገንዘብ በጣሪያ ወስኗል። ይህ ጽሑፍ ጣሪያው እንዴት እንደሚሠራ፣ ጥቅሙም በየመድን ዕቅዱ የመድኃኒት ዝርዝር ላይ የተመሠረተው ለምን እንደሆነ ያብራራል።

የመንግሥት ገንዘብ፣ የግል አስተዳደር

ክፍል ዲ ሁለት ባሕርያትን አጣምሮ የያዘ ሥርዓት ነው። መንግሥት አብዛኛውን ገንዘብ ይመድባል፤ ዝቅተኛውን የሽፋን መስፈርትም ይደነግጋል። ዕቅዶቹን አዘጋጅተው የሚያቀርቡት ግን የግል መድን ሰጪዎች ናቸው። አረጋዊው ለመድኃኒት ብቻ የተዘጋጀ ዕቅድ ሊገዛ፣ ወይም የሕክምናና የመድኃኒት ሽፋንን በአንድነት የሚሰጥ የግል ዕቅድ ሊመርጥ ይችላል። ወርኃዊው አረቦንም ሆነ የሚሸፈኑት መድኃኒቶች ዝርዝር ከዕቅድ ዕቅድ ይለያያሉ።

የ2003ቱ ሕግ መንግሥት በመድኃኒት አምራቾችና በመድን ሰጪዎች የዋጋ ድርድር ውስጥ ጣልቃ እንዳይገባ ከልክሎ ነበር። የ2022ቱ ሕግ ይህን ክልከላ በከፊል አነሣ። በመሆኑም መንግሥት በቀጥታ የተደራደረባቸው የመጀመሪያዎቹ 10 መድኃኒቶች ዋጋ ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ተግባራዊ ሆኗል፤ ከእነዚህም መካከል ለደም መርጋት የሚታዘዘው ኤሊኩዊስና ለስኳር ሕመም የሚታዘዘው ጃርዲያንስ ይገኙበታል።

የጣሪያው ስሌት

በ2006 በነበረው መደበኛ አሠራር ታካሚው የመጀመሪያውን 250 ዶላር ብቻውን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ አጠቃላይ የመድኃኒት ወጪው 2,250 ዶላር እስኪደርስ 25 በመቶውን ይጋራል። ወጪው ከዚህ አልፎ እስከ 5,100 ዶላር ባለው እርከን ውስጥ ግን ሙሉው ዕዳ በእርሱ ላይ ይወድቃል። አሜሪካውያን «የዶናት ቀዳዳ» የሚሉት ይህን እርከን ነው። ከዚያ በላይ ላለው ወጪ 5 በመቶ ይከፍላል፤ ይህ 5 በመቶ ግን ማብቂያ አልነበረውም። በ2010 የወጣው የጤና ሕግ ቀዳዳውን ደረጃ በደረጃ አጠበበው፤ ማብቂያ ያልነበረው ክፍያ የቀረው ደግሞ በ2024 ነው። በ2025 ዓመታዊው ጣሪያ 2,000 ዶላር ሆኖ ተጀመረ፤ ለ2026 ወደ 2,100 ዶላር ከፍ ብሏል።

አሠራሩን በምሳሌ ማየት ይቻላል። በወር 1,000 ዶላር የሚያወጣ፣ በዕቅዱ ዝርዝር ውስጥ ያለ መድኃኒት የሚወስድ ታካሚ በ2026 መደበኛ ዕቅድ መሠረት በጃንዋሪ 711.25 ዶላር ይከፍላል፤ ይኸውም 615 ዶላር ተቀናሽ ሲደመር የቀሪው 385 ዶላር ሩብ ነው። ከፌብሩዋሪ እስከ ጁን በየወሩ 250 ዶላር፣ በጁላይ ደግሞ 138.75 ዶላር ከፍሎ ጣሪያውን ይነካል። ከኦገስት እስከ ዓመቱ መጨረሻ ምንም አይከፍልም። በዓመት 12,000 ዶላር ከሚያወጣው መድኃኒት የእርሱ ድርሻ 2,100 ዶላር ብቻ ነው። ይኸው ወጪ በ2006 አሠራር ቢሰላ ኖሮ ድርሻው 3,945 ዶላር ይሆን ነበር። የዓመቱ መጀመሪያ ክፍያ ለሚከብደው ሰውም ወጪውን በየወሩ ከፋፍሎ የመክፈል አማራጭ ከ2025 ጀምሮ ተፈቅዷል።

ዝርዝሩ የሚወስነው

ጣሪያው የሚቆጥረው ግን ዕቅዱ የሚሸፍናቸውን መድኃኒቶች ወጪ ብቻ ነው። ከላይ የተጠቀሰው መድኃኒት በዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ታካሚው 12,000 ዶላሩን በሙሉ ከኪሱ ሊያወጣ ይችላል፤ ከዚህም አንድ ዶላር እንኳ ወደ ጣሪያው አይቆጠርለትም። ወርኃዊው አረቦንም አይታሰብም።

ሕጉ ለዝርዝሩ ወሰን አበጅቷል። ዕቅዶች በየመድኃኒት ምድቡ በጥቅሉ ቢያንስ ሁለት መድኃኒቶችን እንዲያካትቱ ይጠበቃል። እንደ ካንሰር፣ ኤችአይቪና የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ባሉ ስድስት ምድቦች ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉንም መሸፈን አለባቸው። መንግሥት ዋጋቸውን የተደራደረባቸውንም መድኃኒቶች ከዝርዝራቸው ማውጣት አይችሉም። ከዚህ ውጭ ዕቅዱ ቅድመ ፈቃድ ሊጠይቅ፣ ወይም ታካሚው በመጀመሪያ ርካሹን መድኃኒት እንዲሞክር ሊያስገድድ ይችላል። ታካሚው በሐኪሙ ማስረጃ ተደግፎ ከዝርዝሩ ውጭ ያለው መድኃኒት እንዲሸፈንለት ሊያመለክት ይችላል። ዕቅዱ የሐኪሙ ማስረጃ በደረሰው በ72 ሰዓት፣ ጉዳዩ አስቸኳይ ከሆነም በ24 ሰዓት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። ማመልከቻው ከጸደቀ ክፍያው ወደ ጣሪያው ይቆጠራል።

የምዝገባ ጊዜና መዘዙ

ለክፍል ዲ መመዝገብ ግዴታ አይደለም፤ መዘግየት ግን ዋጋ ያስከፍላል። የመጀመሪያው የምዝገባ ጊዜ ሰባት ወር ነው። ከዚያ በኋላ ተመጣጣኝ የመድኃኒት ሽፋን ሳይኖረው ለተከታታይ 63 ቀናት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሰው፣ ሽፋን ባልነበረው በእያንዳንዱ ወር የአገር አቀፉ መነሻ አረቦን 1 በመቶ ይታከልበታል። ይህ አረቦን በ2026 38.99 ዶላር በመሆኑ 20 ወር የዘገየ ሰው በየወሩ 7.80 ዶላር ገደማ ይጨምራል፤ ቅጣቱም ሽፋኑ እስካለ ድረስ ይቀጥላል።

ይህ ድንጋጌ ልጆቻቸውን ተከትለው ወደ አሜሪካ የገቡ ኢትዮጵያውያን ወላጆችን በቀጥታ ይመለከታል። 65 ዓመት የሞላው ቋሚ ነዋሪ በአሜሪካ የሥራ ታሪክ ባይኖረውም፣ ለአምስት ዓመት ያለማቋረጥ ከኖረ አረቦን እየከፈለ ወደ ሜዲኬር መግባት ይችላል። እንዲህ ላለው ሰው የምዝገባው ጊዜ የሚሰላው አምስት ዓመቱ በሚሞላበት ወር ዙሪያ ነው። ጤነኛ በመሆናቸው መድኃኒት የማያስፈልጋቸው የሚመስላቸው ወላጆች ይህን ጊዜ ቢያሳልፉት ቅጣቱ ኋላ ይጠብቃቸዋል። ገቢያቸውና ሀብታቸው አነስተኛ ለሆነ ግን «ተጨማሪ እገዛ» የተባለው ድጎማ አለ። ከ2024 ጀምሮ ገቢያቸው ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 150 በመቶ የማይበልጥ ሰዎች ሙሉ ድጎማውን ማግኘት ይችላሉ፤ የዘገየ ምዝገባ ቅጣትም አይከፍሉም።

ማጠቃለያ

ጣሪያው የታካሚውን ሸክም ሲያቀል የመድን ሰጪውን ሸክም አክብዷል። ቀደም ሲል በመጨረሻው እርከን ላይ ከሚደርሰው ወጪ 80 በመቶውን መንግሥት ይሸፍን ነበር፤ ከ2025 ጀምሮ ግን 60 በመቶው በዕቅዶቹ ላይ ወድቋል። ስለዚህ መድን ሰጪዎች ውድ መድኃኒቶችን በጥብቅ ለመቆጣጠር ያላቸው ፍላጎት ከቀድሞው የበለጠ ምክንያት አግኝቷል፤ የመቆጣጠሪያው ዋና መሣሪያም ዝርዝሩ ነው። ዝርዝሩ በየዓመቱ ሊለወጥ ስለሚችል፣ አረጋዊው ከኦክቶበር 15 እስከ ዲሴምበር 7 ባለው የምርጫ ጊዜ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ከዕቅዱ ዝርዝር ጋር ማመሳከር ይኖርበታል። በየክፍለ ግዛቱ ለዚህ ነጻ ምክር የሚሰጡ መርሐ ግብሮች አሉ። ሽፋኑን የሚያጠና ተመራማሪም የጣሪያውን መጠን ብቻ ሳይሆን ከጣሪያው ውጭ የሚቀሩትን መድኃኒቶች አብሮ ካልመዘነ፣ የታካሚውን እውነተኛ ወጪ አያገኘውም።