መትረየስ ያልነበራቸው አውሮፕላኖች

ጎሮ አካባቢ የሚኖር ሰው አውሮፕላን ሲያርፍ ቀና ብሎ አያይም። ድምፁ ሲቀርብ ወሬውን ገታ ያደርጋል፤ ሲርቅ ካቆመበት ይቀጥላል። ገርጂም ቦሌም ያው ነው። ለምሥራቅ አዲስ አበባ ልጅ አውሮፕላን ማለት የኢትዮጵያ አየር መንገድ ነው። ታሪኩም የሚጀምረው ድርጅቱ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ወይም በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያው በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲነሣ ነው። ከዚያ በፊት ያለውን ብዙ ሰው አያነሣውም። ትኬት የሚቆረጥበት ዘመን አልነበረም፤ አገር ልትወረር ስትል በፈቃዳቸው የተነሡ ጥቂት ሰዎች የበረሩበት ዘመን ነው።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 12 ቀን 1921 ዓ.ም. ነው፤ ፈረንሳይ ሠራሽ ፖቴዝ 25። ብዙም ሳይቆይ የጀርመን ዩንከርስ ተከተለው። ሁለት ወጣቶች፣ አስፋው ዓሊና ሚሽካ ባቢቼፍ፣ ብቻቸውን ለመብረር የበቁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን ሆኑ። ሚሽካ አባቱ ሩሲያዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናት። የትሪኒዳዱ ተወላጅ ሁበርት ጁሊያን ደግሞ ከኒው ዮርክ መጥቶ፣ የዐፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ንጉሡ የሚወዱትን ትንሽ አውሮፕላን ከስክሶ ከአገር ተባረረ። ሰውዬው ከሥራው ይልቅ ወሬው ይበልጥ ነበርና እዚህ ላይ ልተወው።

ጆን ሮቢንሰን ግን ሌላ ሰው ነው። ፍሎሪዳ ተወልዶ ሚሲሲፒ ውስጥ አደገ፤ ቱስኬጊ የመኪና ሜካኒክነት ተማረ፤ ከዚያ ቺካጎ ገባ። የከርቲስ ራይት የአቪዬሽን ትምህርት ቤት ጥቁር አይቀበልም ነበር። ሮቢንሰን እዚያው በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጠረ፤ ወለሉን እየጠረገ ትምህርቱን አዳመጠ፤ በኋላ በተማሪነት ተቀበሉት። ከጓደኛው ከኮርኔሊየስ ኮፊ ጋር የጥቁር አብራሪዎችን ማኅበር አቋቋሙ፤ ነጮቹ ሜዳ ሲከለክሏቸው ሮቢንስ በምትባል የጥቁሮች ከተማ የራሳቸውን ሜዳ ደለደሉ።

በ1927 ዓ.ም. ያኔ አሜሪካ ሕክምና ያጠኑ የነበሩት መላኩ በያን፣ ክሎድ ባርኔት በተባለ ጥቁር ጋዜጠኛ አማካይነት አገኙት። በግንቦት አዲስ አበባ ደረሰ። ጊዜው ዕድል ሆነለት። በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቁር አሜሪካውያን ለኢትዮጵያ ለመዝመት ቢመዘገቡም፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1818 ጀምሮ የጸናው ሕግ አንድ አሜሪካዊ በባዕድ ጦር እንዳይሰለፍ ይከለክል ነበር፤ የአሜሪካ መንግሥትም ሕጉን አስታወሳቸው። መዝገቡ ሞላ፣ መርከቡ ግን አልተነሣም።

ሮቢንሰን በአዛዥነት የተረከበው የኢትዮጵያ አየር ኃይል ምን ይመስል ነበር? ደርዘን ገደማ አውሮፕላን፣ አብዛኞቹ ያረጁ፣ ለጦርነት የሚበቃ መሣሪያ የሌላቸው። የጣሊያን አውሮፕላኖች በመቶዎች ይቆጠሩ ነበር። መሬቱም አያግዝም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር ኃይሉን ያጣል፣ ክንፍም የሚደግፈው ያንሰዋል፤ ስለዚህ ለመነሣት ረጅም መንደርደሪያ ይጠይቃል። በክረምት ደግሞ ሜዳው ጭቃ ነው። እንዲህ ባለ አውሮፕላን መዋጋት የማይታሰብ ነበርና ሥራው መልእክተኝነት ሆነ፤ ከዋና ከተማው ወደ ግንባር ደብዳቤ፣ መድኃኒት፣ ሰው ማድረስ። የጠላት ተዋጊ አውሮፕላን ሲመጣ ያለው መሸሻ ደመናና ገደል ነው። መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ዓድዋ ስትደበደብ ሮቢንሰን እዚያው ነበር።

ከስዊድን የመጣው ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን ደግሞ በቀይ መስቀል ስም የአምቡላንስ አውሮፕላን አበረረ። የቀይ መስቀል ምልክት ከቦምብ የማያድንበት ጦርነት ነበር፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 20 ቀን መልካ ዲዳ ላይ የስዊድን ሐኪሞች ካምፕ በጣሊያን ቦምብ ተደበደበ።

እነዚህ ሰዎች ጦርነቱን አልለወጡትም። እንደለወጡ አድርገው የሚጽፉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሮቢንሰንን የአየር መንገዱ መሥራች የሚያደርጉትም እንደዚያው ናቸው። አየር መንገዱ የተቋቋመው መንግሥት ከአሜሪካው አየር መንገድ ከቲ ደብሊው ኤ ጋር በተዋዋለው ውል ነው። የሮቢንሰን ውለታ ከነጻነት በኋላ ተመልሶ መምጣቱ ነው። በ1936 ዓ.ም. ከጥቂት ጥቁር አሜሪካውያን ባለሙያዎች ጋር መጣ፤ ወጣቶችን ሰብስቦ በረራና ጥገና ማስተማር ጀመረ። በጦርነቱ ጊዜ አውሮፕላን ብቻ ሳይሆን አብራሪም እንዳጠረ አይቷል፤ አውሮፕላን ይገዛል፣ አብራሪ ግን ዓመታት ይፈልጋል።

ፎን ሮዘንም ተመለሰ፤ ቢሾፍቱ ላይ አየር ኃይሉን በስዊድኖች መንገድ አደራጀው። ሁለቱ አልተስማሙም፤ ነገሩ እስከ ጠብ ደረሰ፣ ቦታውም ለስዊድኖቹ ቀረ። በአንድ ሰማይ ሁለት አዛዥ አይበርም መሰለኝ። ፎን ሮዘን ሐምሌ 6 ቀን 1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ በሶማሊያ ወራሪዎች ጥቃት ሞተ። ሁለቱም ወደ ኢትዮጵያ ተመልሰው መጥተው ሁለቱም እዚሁ ቀሩ።

ቺካጎ የቀሩትም ዝም አላሉም። ኮፊና አብራሪዋ ዊላ ብራውን ሌላ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ ሲደርስም የሲቪል ኤር ፓትሮልን የመጀመሪያ የጥቁሮች ጓድ አቋቋሙ፤ የግል አብራሪዎች በፈቃዳቸው አገር የሚጠብቁበት ድርጅት ነው። ሮቢንሰን ሲሄድ የተሰናበቱት ጓደኞቹ፣ እሱ ባሕር ተሻግሮ የፈለገውን ሥራ በገዛ አገራቸው አገኙት።

ሮቢንሰን መጋቢት 1946 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ አውሮፕላን ሲያበርር ተከሰከሰ፤ ከቁስሉ ሳይድን በዚያው ወር ሞተ፤ የተቀበረውም እዚሁ ከተማ ነው። የዚያን ጊዜ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ ልደታ ነበር፤ ቦሌ ገና እርሻና ግጦሽ። የልደታ ሜዳ ለጄት ስላጠረ ወደ ምሥራቅ ተሄደ፤ የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720ዎች ቦሌ ያረፉት እሱ ከሞተ ዘጠኝ ዓመት ገደማ ቆይቶ፣ በ1955 ዓ.ም. ነው።