በማሰሮና በላስቲክ ውስጥ ለሚያድግ ችግኝ ውኃ ስለ ማጠጣት

በየወረዳው በክረምት የሚተከለው ችግኝ በጋውን በሙሉ በማፍያው ስፍራ በሸክላ ማሰሮ፣ በቆርቆሮ ወይም በጥቁር ላስቲክ ከረጢት ውስጥ ሆኖ ይከርማል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ አረንጓዴ ዐሻራ በሚባለው ሥራ ምክንያት የሚፈላው ችግኝ እጅግ ስለ በዛ፣ ክቡራን የአገር አስተዳዳሪዎች፣ የወረዳ ሹማምንትና ባለ ይዞታዎች ሁሉ ወደ ማፍያው መሄድና መመርመር የዘወትር ሥራቸው ሆኗል። በሪፖርቱ የሚጻፈው ስንት ችግኝ እንደ ፈላና ስንት እንደ ተተከለ ነው። በሁለቱ መካከል፣ ገና ሳይተከል በከረጢቱ ውስጥ እንዳለ የሞተው ግን ብዙ ጊዜ አይጠየቅም፤ ቢጠየቅም «ፀሐይ አደረቀው» ወይም «አትክልተኛው ሰነፈ» ተብሎ ይታለፋል። በዕቃ ውስጥ ከሚሞተው ተክል ጥቂት ያልሆነው ግን የሚሞተው ውኃ አጥቶ ሳይሆን ውኃ በዝቶበት ነው። ገዳዩም ሰነፉ አትክልተኛ ሳይሆን ትጉሁ ነው፤ ይልቁንም «ጧትና ማታ ሳታቋርጥ አጠጣ» ተብሎ የታዘዘው።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት አስቀድሞ የሥርን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። ሥር ውኃ እንደሚጠጣ ሁሉ ሰው ያውቃል፤ እንደሚተነፍስ ግን የሚያስበው ጥቂት ነው። ሥር ሕይወት ያለው አካል ስለ ሆነ ለሥራው ኦክሲጅን የሚባለውን የአየር ክፍል ይፈልጋል፤ ይህንም የሚያገኘው በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ካለው ባዶ ቦታ ነው። መልካም አፈር ግማሽ ያህሉ ጠጣር አካል፣ ግማሽ ያህሉ ክፍተት ነው። ከክፍተቶቹም ጠባቦቹ ውኃ ይይዛሉ፣ ሰፋፊዎቹ አየር ያስገባሉ። ውኃ በውኃ ላይ ሲጨመር ሰፋፊዎቹም ይሞሉና አየሩ ይባረራል። ኦክሲጅን በውኃ ውስጥ የሚተላለፈው በአየር ውስጥ ከሚተላለፈው 10,000 ጊዜ ያህል በዘገየ ፍጥነት ነውና፣ ሥሩ የቀረውን በቶሎ ጨርሶ ይታፈናል። ሩዝና ደንገል ውኃ ውስጥ ቆመው የሚያድጉት በአካላቸው ውስጥ አየር ወደ ሥር የሚያወርድ ቦይ ስላላቸው ነው፤ ቡናና ጽድ እንዲህ ያለ ቦይ የላቸውም።

በሜዳ የተተከለ ዛፍ ዝናብ ቢበዛበትም ውኃው ወደ ታች እየሰረገ ይርቅለታል። በማሰሮ ውስጥ ያለው ግን እንዲህ አይደለም። የማሰሮው ቂጥ ቢበሳም እንኳ ውኃው ሁሉ አይወርድም፤ ከታች ጥቂት ጣት የሚያህል ከፍታ ያለው አፈር ውኃ ጠግቦ ይቀራል። ይህን በዓይን ለማየት የሚወድ ሰው ዕቃ የሚታጠብበትን ስፍነግ፣ ዛሬ ስፖንጅ የሚባለውን፣ ወስዶ በውኃ ይንከረውና በመዳፉ ላይ አጋድሞ ይያዘው። ጠብ ጠብ ማለቱን እስኪተው ይጠብቅ፤ ከዚያ በኋላ ሳይጨምቀው በቁሙ ያዙረው። ያን ጊዜ ብዙ ውኃ እንደ ገና ይወርዳል። ስፍነጉ ያው ነው፤ የጨመረው ቁመቱ ብቻ ነው። በሥሩ የሚቀረው የውኃ ከፍታ በቁመት ስለማይለወጥ፣ የቆመው ስፍነግ የሚይዘው ውኃ ከተጋደመው ያንሳል። ማሰሮም እንደዚሁ ነው። አጭርና ሰፊ ዕቃ ከውስጡ አፈር ብዙው ረግረግ ይሆናል፤ ረዥም ዕቃ ግን ከላይ ለሥር መተንፈሻ ይተርፈዋል።

ከዚህ የተነሣ አንድ የቆየ ልማድ መቅረት አለበት። ብዙ ሰው «ውኃው እንዲወርድ» ብሎ ከማሰሮው ሥር ጠጠር ያነጥፋል። ነገር ግን ውኃ ደቃቅ ከሆነው አፈር ወደ ሻካራው ጠጠር በቀላሉ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ባለው አፈር ውስጥ ተንጠልጥሎ ይቆማል። ስለዚህ ጠጠሩ ረግረጉን ከማስወገድ ይልቅ ወደ ሥሩ አቅርቦ ከፍ ያደርገዋል። ቀዳዳው በአፈር እንዳይፈስስ አንድ ገል ወይም ጥቂት ቃጫ ማልበስ ይበቃል። በየቤቱ ደጅና በየመሥሪያ ቤቱ በረንዳ አበባ የሚተከልበት የዘይት ቆርቆሮና የተቆረጠ ጀሪካንም ሳይበሳ አፈር ሊገባበት አይገባም፤ ያልተበሳ ቆርቆሮ ለተክል መቃብሩ ነው። የተበሳውም ቢሆን ከሥሩ በተቀመጠ ሳሕን ላይ ውኃ አቍሮ ከዋለ እንዳልተበሳ ይቆጠራል።

ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው ግን የመጠውለግ ምልክት ነው። ሥሩ የታፈነ ተክል ውኃ መሳብ ስለሚያቅተው ውኃ መካከል ቆሞ ይጠማል፤ ቅጠሉም በድርቅ እንደ ተጎዳው ይጠወልጋል። ያየው ሰው ደግሞ «ውኃ አንሶት ነው» ብሎ ይጨምርለታል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ቅጠሉን ብቻ በማየት አይደለም፤ አፈሩን በመንካት ነው። ውኃ ያነሰው ተክል አፈሩ ደርቆ ከዕቃው ግድግዳ ይሸሻል፣ ዕቃው ሲያነሡት ይቀልላል፣ የቅጠሉም ጠርዝ ይንኮሻኮሻል። ውኃ የበዛበት ግን አፈሩ እርጥብ ሆኖ ሳለ ይጠወልጋል፤ ብዙ ጊዜም ከሥር ያሉት ቅጠሎች አስቀድመው ቢጫ ይሆናሉ፣ በአፈሩ ገጽ ላይ አረንጓዴ ሽበት ይወጣል፣ ትንንሽ ጥቋቁር ዝንቦች ይበርሩበታል፣ አፈሩም የኮመጠጠ ሽታ ይሸታል። የሚጠራጠር ሰው አንዱን ችግኝ ከከረጢቱ አውጥቶ ሥሩን ይመልከት። ጤነኛው የሥር ጫፍ ነጭና ጠንካራ ነው፤ የበሰበሰው ቡናማ ሆኖ በጣት ሲስቡት ልጡ ይላቀቅና እንደ ክር ያለ ቀጭን እምብርት ይቀራል። አንድ ችግኝ ለዚህ ምርመራ ቢጠፋ ሺህ ያድናል።

ለታፈነው ሥር ሌላ ጠላትም ይመጣበታል። በእርጥብ አፈር የሚኖሩ፣ ሻጋታን የሚመስሉ፣ ፒቲየምና ፋይቶፍቶራ የሚባሉ ደቃቅ ፍጥረታት አሉ። ሁለተኛውን ስም በ1876 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ያወጣለት አንቶን ደ ባሪ የሚባል ጀርመናዊ የዕፀዋት ሊቅ ሲሆን፣ የግሪክኛው ትርጓሜ «ተክል አጥፊ» ማለት ነው። ከ1845 ጀምሮ የአየርላንድን ድንች አጥፍቶ ታላቅ ረኃብ ያመጣው ከዚሁ ወገን አንዱ ነበር። የእነዚህ ፍጥረታት ዘር ሁለት ጭራ ያለው ሆኖ በውኃ ውስጥ ይዋኛል። ስለዚህ በአፈሩ ክፍተት ውኃ በቆመ ቍጥር ከሥር ወደ ሥር የሚሄድበት መንገድ ተከፈተለት ማለት ነው። ገና በቅሎ ሁለት ቅጠል ያወጣ ችግኝ አንገቱ ላይ ጠቍሮና ቀጥኖ በአንድ ሌሊት ተኝቶ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በእነዚህና በመሰሎቻቸው ምክንያት ነው። እንዲህ የሆነውን ነቅሎ ማራቅና አፈሩን ለሌላ ችግኝ አለመድገም ይገባል፤ ውኃ ቢጨምሩለት ጎረቤቱን ያስይዛል።

እንግዲህ መቼ ይጠጣ? መልሱ በቀን መቍጠሪያ ውስጥ አይገኝም። በጥር ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ በየቀኑ የሚጠማው ችግኝ፣ ሰማዩ ደመና ሲሆን ሦስትና አራት ቀን ሊቆይ ይችላል። በቆላና በደጋ፣ በዳስ ጥላ ሥርና በሜዳ፣ በመደቡ ዳርና በመካከሉ ያለው ሁሉ ልዩ ልዩ ነው፤ የዳሩ ረድፍ ነፋስና ፀሐይ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይደርቃል። የአፈሩ ገጽም ምስክርነቱ አይታመንም፤ ከላይ ደርቆ አቧራ ሲመስል ከሥሩ ጭቃ ሊሆን ይችላል። በትልቅ ማሰሮ ጣትን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገብቶ መዳሰስ ይበቃል፤ እርጥበት ከተሰማ ውኃው ለነገ ይቆይ።

ለትንሹ ከረጢት ግን ከሁሉ የሚሻለው ሚዛን ነው። ይህ አዲስ ብልሃት አይደለም። ስቲቨን ሄልስ የሚባል እንግሊዛዊ ቄስ በ1727 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) ባሳተመው መጽሐፍ እንደ ገለጸው፣ በማሰሮ የተተከለ የሱፍ አበባ ወስዶ፣ የማሰሮውን አፍ በእርሳስ ቆርቆሮ ከድኖ፣ ጧትና ማታ ይመዝነው ነበር። አበባው በአንድ ቀን በአማካይ 20 አውንስ፣ ማለት ከግማሽ ኪሎ ጥቂት የሚበልጥ ውኃ በቅጠሉ በኩል ሲያወጣ አገኘው፤ ሌሊት ግን የሚያወጣው እጅግ ጥቂት ነበር፤ ጤዛ በወረደበት ሌሊት ከቶ አላወጣም። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ተክል ውኃ የሚፈልገው ለሚመጣው ቀን እንጂ ለሚመጣው ሌሊት አይደለም፤ ስለዚህ ማጠጣት በማለዳ ይሁን። ማታ የጠጣ ችግኝ በደጋ ብርድ ቅጠሉና አንገቱ ረጥቦ ያድራል፤ ይህም ሻጋታ ይጋብዛል። ሁለተኛው፣ የጎደለውን ውኃ ክብደት ይናገራል። የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት አንድ ኪሎ ነውና፣ አትክልተኛው አጠጥቶ ያንጠፈጠፈውን አንድ ከረጢት በአንድ እጁ፣ የደረቀውን በሌላው እጁ አንሥቶ ልዩነቱን አንድ ጊዜ ከለመደ ሌላ መሣሪያ አያስፈልገውም። ከዳርም ከመካከልም ዐሥር ያህል ከረጢት እያነሣ ቢመዝን የመደቡን ጠባይ ያውቃል።

ሲጠጣም ደግሞ በሚገባ ይጠጣ። ብዙ ሰው «አብዝታችሁ አታጠጡ» ሲባል በየቀኑ ጥቂት ጥቂት መርጨት ይመስለዋል፤ ይህ ሌላ ጥፋት ነው። ርጭቱ ገጹን ብቻ ስለሚያረጥብ ሥሩ ወደ ላይ ይሰበሰባል፣ የውኃውም ጨው በአፈሩ ውስጥ ይከማቻል። ትክክለኛው አጠጣጥ ከሥር ባለው ቀዳዳ ውኃ እስኪወጣ ድረስ ቀስ ብሎ ማጠጣት፣ ከዚያም አፈሩ እስኪቀልል ድረስ መተው ነው። የሚበዛው ውኃ በአንድ ጊዜ የፈሰሰው አይደለም፤ ሳያስፈልግ የተደጋገመው ነው። የማጠጫው አፍ ወንፊት ያለው ይሁን፤ በጣሳ ወይም በጎማ ቱቦ በኀይል የሚወርድ ውኃ አፈሩን ይጠቀጥቃል፣ ሥሩንም ይገልጣል። ፈጽሞ የደረቀ አፈር፣ ይልቁንም ዋልካ የሆነ፣ ከግድግዳው ስለሚሸሽ ውኃው በዳሩ ሾልኮ ይወጣና የጠጣ ይመስላል፤ እንዲህ ያለውን ማሰሮ በገንዳ ውኃ ውስጥ አረፋው እስኪያቆም ድረስ መንከር ይሻላል። በቀትር የወደቀ ጠብታ ቅጠል ያቃጥላል የሚባለው ግን ለስላሳ ቅጠል ላለው ተክል እውነትነት የለውም፤ የጠማው ችግኝ በቀትር ቢገኝ በቀትር ይጠጣ።

የዕቃው ዓይነትም ይታይ። ያልተቀባ ሸክላ ውኃውን በገላው ያልባል፤ የእንስራ ውኃ የሚቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው። ላስቲክና ቆርቆሮ ግን አያልቡም። ስለዚህ ከሸክላ ወደ ላስቲክ የተዛወረ አትክልተኛ የቀድሞውን ልማድ ይዞ ቢያጠጣ ያጠፋል። ትንሽ ችግኝን «ኋላ ያድግበታል» ብሎ በትልቅ ዕቃ መትከልም አይጠቅምም፤ ሥሩ ያልደረሰበት አፈር ውኃውን የሚጠጣለት አጥቶ ረግረግ ሆኖ ይቆያል። አፈሩን በሚመለከት፣ ሦስት እጅ የአገሩ አፈር፣ ሁለት እጅ በሚገባ የበሰበሰ ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ መቀላቀል በብዙ ማፍያ የተለመደ ነው፤ ዋልካ በበዛበት አገር አሸዋው ይጨመር።

አሁን ወደ ክቡራን ሹማምንት ሥራ እንመለስ፤ ችግኙ በውኃ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ከትእዛዝ የተነሣ ነውና። ሹም ወደ ማፍያው ሲመጣ አፈሩ ከላይ ደርቆ ካየ ይቆጣል፤ አትክልተኛውም ይህን ስለሚያውቅ የሹም መምጣት በተሰማ ቍጥር መደቡን ሁሉ ያርሳል። የቀን ሠራተኛ ሥራ በማጠጫ ቍጥር ሲለካም ሠራተኛው ቍጥሩን ለመሙላት ያፈስሳል እንጂ አፈሩን አይዳስስም። ስለዚህ «አጠጥተሃልን?» ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ «ይህን ከረጢት አንሣና ዛሬ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም በለኝ» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሳያነሣ የሚመልስ አትክልተኛ መማር ያስፈልገዋል። አንሥቶ «ዛሬ አይጠጣም» የሚል ደግሞ ሊመሰገን ይገባዋል እንጂ በስንፍና ተቆጥሮ ደመወዙ ሊጎድልበት አይገባም። በየመደቡ የሞተው ችግኝ ቍጥር ሲጻፍም አፈሩ ደርቆ ወይም ረጥቦ መገኘቱ አብሮ ይጻፍ፤ ይህች አንዲት ቃል ጥፋቱ ከየት እንደ መጣ ትገልጣለች።

ውኃ በዝቶበት የተገኘ ችግኝ ሁሉ የጠፋ አይደለም። ማጠጣቱን ማቆም፣ ነፋስ ወደሚያገኝበት ጥላ ማዛወር፣ ከረጢቶቹን ማራራቅ፣ የታችኛው ቀዳዳ ተደፍኖ እንደ ሆነ መክፈት ይገባል። ብርቅ የሆነ ተክል ከሆነ ከዕቃው ወጥቶ የበሰበሰው ሥር በንጹሕ ቢላዋ ተቆርጦ በአዲስ አፈር ይዛወር። ማዳበሪያ ግን አዲስ ነጭ ሥር እስኪያወጣ ድረስ አይሰጠው፤ የታመመ ሥር ማዳበሪያን አይችልም።

ክረምት ሲቃረብ፣ ከመተከሉ በፊት ባሉት ጥቂት ሳምንታት፣ የዳሱ ጥላ ቀስ በቀስ ይነሣ፤ በሁለት ማጠጫ ቀኖች መካከል ያለውም ጊዜ ይርዘም። ሁልጊዜ ጠግቦ ያደገ ችግኝ ግንዱ ለስላሳ፣ ቅጠሉ ሰፊ ሆኖ ያምራል፤ ነገር ግን ሐምሌ ላይ ሜዳ ወጥቶ ዝናቡ ለአንድ ሳምንት ቢቋረጥ አይችልም። ወደሚተከልበት ስፍራ በሚጫንበት ዋዜማ ግን በሚገባ ይጠጣ፤ አፈሩ ከሥሩ ጋራ ተያይዞ እንዲጓዝ፣ ላስቲኩም ሲቀደድ እንዳይበተን።