ቀሚስ፣ ኩልና ዑርፍ፦ ወንድ በሴት ስለ መመሳሰሉ የተሰጠው ብያኔ በአዲስ አበባ ኑሮ ሲታይ

ሱረቱ ዩሱፍን ለሕፃናት በአማርኛ የሚያስተምር ኡስታዝ አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ የደረሶቹን ሳቅ መጠበቅ ይኖርበታል። በሱራው የዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ቀሚስ ሦስት ጊዜ ይነሣል። ወንድሞቹ የሐሰት ደም አስነክተው ለአባታቸው ያቀርቡታል፤ በግብፅ ከኋላ በኩል መቀደዱ የባለቤቱን ንጽሕና ይመሰክራል፤ በመጨረሻም በያዕቁብ (ዐ.ሰ.) ፊት ላይ ሲጣል የዓይናቸው ብርሃን ይመለሳል። በዐረብኛ «ቀሚስ» እጅጌ ያለው የተሰፋ ልብስ ነው። ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ልብሶች ሁሉ እጅግ ተወዳጁ እርሱ እንደ ነበረ ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ማስተላለፋቸውን አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። በአማርኛ ግን ቀሚስ ሲባል ሰሚው የሚያስበው የሴት ልብስ ነው። ልጆቹ የሚስቁትም ስለዚህ ነው።

በዚሁ ክፍል የሳቀው ልጅ ጁምዓ ዕለት አባቱ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ነጭ ጀለቢያ ለብሶ ወደ መስጂድ ሲሄድ አይስቅም። ስፌቱ ከቀሚስ ብዙም አይለይም፤ ርዝመቱም እንደዚያው ነው። ልብሱን የወንድ ወይም የሴት ያደረገው እንግዲህ የጨርቁ ቅርጽ ሳይሆን ያ ኅብረተሰብ ስለ ልብሱ ያለው ዕውቀት ነው። ከጦር ኃይሎች እስከ ሜክሲኮ አደባባይ በተዘረጋው የልደታ ክፍለ ከተማ፣ በተለይ ልዩ ልዩ አገር ያላቸው ቤተሰቦች በአንድ ደረጃ በሚወጡበትና በሚወርዱበት የጋራ መኖሪያ ሕንጻ፣ የአንዱ ቤት ዕውቀት ለሌላው ቤት እንግዳ ነው። ከቤቱ ደጃፍ በሽርጥ የሚወጣውን አባወራ «ጉርድ ለብሶ» ብሎ የሚሣለቅበት ጎረቤት አይጠፋም። ጉዳዩ ከኢማሙ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ተደበላልቆ ነው፤ ሽርጡም፣ ኩሉም፣ የልጁ የድምፅ ቅጥነትም፣ በስልክ የታየው ሊፕስቲክ የተቀባ ወጣትም በአንድ ቃል ይጠራሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ዑለማዎቻችን ለይተው ያስቀመጡትን እንደ ገና መለየት ነው።

የሐዲሱ ቃልና ወሰኑ

መሠረቱ ኢማም ቡኻሪ በኪታቡል ሊባስ ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ያሰፈሩት ሐዲስ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በሴቶች የሚመሳሰሉ ወንዶችንና በወንዶች የሚመሳሰሉ ሴቶችን ረግመዋል። አቡ ዳውድ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) በዘገቡት ደግሞ እርግማኑ የሴት አለባበስ የሚለብስን ወንድና የወንድ አለባበስ የምትለብስን ሴት በስም ይጠቅሳል። ብያኔው ግልጽ ነው፤ የሴት መለያ መሆኑ የታወቀን ልብስ ወይም ጌጥ ወንድ ሆን ብሎ መልበሱ የተከለከለ ነው። በዚህ መሠረት ላይ መዝሀቦች አልተለያዩም፤ የሻፊዒዮች ዋና አቋምም ክልከላው ሐራም እንጂ መክሩህ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ይህን ለማለሳለስ የሚደረግ ሙከራ በቃሉ ላይ የሚቆም አይመስለኝም።

ይሁን እንጂ ሐዲሱ ሁለት ወገን እንዳለው ልብ ይሏል። የአባቶቻችን ትውልድ ሴት ልጅ ሱሪ ለብሳ ብታይ ይደነግጥ ነበር። ዛሬ ተማሪዋም ሠራተኛዋም በሱሪ ስትመላለስ የሚደነግጥ የለም፤ ለሴት ተብሎ የሚሰፋ ሱሪ ስላለም ዑርፉ በእርግጥ ተለውጧል። ኅብረተሰቡ የሐዲሱን አንድ ወገን በዑርፍ መለወጥ አብራርቶ ሲያልፍ፣ በሌላው ወገን ግን ዑርፍ የሚባል ነገር ጭራሽ እንዳልነበረ ሁሉ ይቆጣል። ቁጣው ከሐዲሱ ብቻ የመነጨ ቢሆን ኖሮ በሁለቱም ላይ እኩል በተመዘነ ነበር።

በ852 ሂጅሪ የሞቱት ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ በፈትሑል ባሪ ይህን ሐዲስ ሲያብራሩ የአለባበስ ቅርጽ እንደየአገሩ ልማድ እንደሚለያይ ያስረዳሉ። የሴቶቹ አለባበስ ከወንዶቹ የማይለይ ሕዝብ እንዳለና፣ በዚያ ሕዝብ ዘንድ ሴቶች የሚለዩት በመሸፈንና በመከለል እንደሆነም ያክላሉ። ካይሮ ላይ ሆነው የጻፉት ይህ ነጥብ በእኛው አገር ምስክር አለው። በአፋር ወንዱም ሴቷም በወገባቸው የሚያገለድሙት ጨርቅ ሰናፊል ይባላል፤ በባህሉ የሴቷ ቡናማ ቀለም የተነከረ ሲሆን የወንዱ ሳይነከር ይቀራል። ልዩነቱን የተሸከመው ቀለሙ ብቻ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሆኖ ሁለቱንም «ጉርድ» ብሎ የሚጠራ ሰው በአፋር ምድር ማንም ሊሳሳተው የማይችለውን ነገር ተሳሳተ ማለት ነው።

ዑርፍ በቦታ ብቻ ሳይሆን በዘመንም ይለያያል። ከ1847 እስከ 1860 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ቴዎድሮስ በሥዕል ሁሉ የሚታወቁት በሹሩባቸው ነው። ሹሩባ በዚያ ዘመን የጦረኛ ምልክት ነበር፤ ዝሆን የገደለ አዳኝ ደግሞ ጆሮውን ተበስቶ የወርቅ ሎቲ ያደርግ ነበር። በዛሬው ከተማ ሹሩባና ሎቲ ያደረገ ወጣት ምን እንደሚባል ሁላችንም እናውቃለን። የጀግና ምልክት የነበረው ጌጥ ከመቶ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ የሴት ሆነ። ፈቂሁ በዚህ ላይ የሚፈርደው በዛሬው ዑርፍ ነው፤ ትናንት የወንድ ነበር ማለት ዛሬ ለሚለብሰው ማስረጃ አይሆነውም፤ ዛሬ የሴት ነው ማለትም የትናንቱን ሰው አያስነቅፈውም።

ኩል፣ ሒና እና ዱቄት

በመዋቢያ ረገድ ጉዳዩ ከልብስ ይልቅ የረቀቀ ነው። ኩልን እንውሰድ። በአማርኛ ሰርግ ዘፈን ኩል የሙሽራዋ ነው። በሱንና ግን ኢስሚድ የተባለው የኩል ዓይነት ዓይንን እንደሚያጠራና ሽፋሽፍትን እንደሚያበቅል ተነግሮ ለወንዶችም ተወድዷል፤ ሐዲሱን ቲርሚዚና አቡ ዳውድ ከኢብን ዐባስ (ረ.ዐ.) ዘግበውታል። ሻፊዒዮች በዚህ ተመሥርተው መኳልን፣ ቁጥሩንም ጎዶሎ ማድረግን ሱንና ይሉታል። በማሊኪዎች ዘንድ ግን በ386 ሂጅሪ የሞቱት ኢብን አቢ ዘይድ አል-ቀይረዋኒ በሪሳላቸው ኩል ለወንድ የሚፈቀደው ለመድኃኒትነት እንደሆነና ጌጥነቱ የሴቶች እንደሆነ አስፍረዋል። የሁለቱ መዝሀብ ልዩነት የተነሣው በአንዱ ዕይታ ኩል በመሠረቱ የዓይን መድኃኒት፣ በሌላው ዕይታ ደግሞ በመሠረቱ ጌጥ ስለሆነ ነው። እንግዲህ ከሶማሌ ወይም ከሐረር ወገን የመጣ፣ ዓይኑን የተኳለ አዛውንት በልደታ መስጂድ የመጀመሪያው ሰፍ ላይ ሲቆም ከኋላው የሚንሾካሾክ ሰጋጅ፣ ያለ ዕውቀቱ የሚነቅፈው በመዝሀቡ ሱንናን የያዘ ሰው ሊሆን ይችላል።

ሒናም እንዲሁ ይከፈላል። ሽበትን በሒና መቀባት ለወንድ የተወደደ ነው፤ ቀይ ጺም ያላቸው ሽማግሌዎች በመርካቶ ዙሪያ ዛሬም ይታያሉ። እጅንና እግርን ያለ ሕክምና ምክንያት በሒና ማስዋብ ግን ኢማም ነወዊ በመጅሙዕ እንዳስቀመጡት ለወንድ የተከለከለ ነው፤ የሴት ጌጥ ነውና።

ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የሚነሣው ጥያቄ ደግሞ የሙሽራው ነው። ፎቶ አንሺው ለካሜራ ፊቱ እንዳያብረቀርቅ ዱቄት ያስነካዋል፤ ለቴሌቪዥን አቅራቢም እንዲሁ ይደረጋል። የወንድ ሽቶ ጠረኑ የሚወጣ፣ ቀለሙ የሚሰወር፤ የሴት ሽቶ ደግሞ ቀለሙ የሚታይ፣ ጠረኑ የሚሰወር እንደሆነ የሚያመለክተው የቲርሚዚ ሐዲስ እዚህ ላይ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። የማይታይና ለሥራ ተብሎ የተነካ ዱቄት፣ በከንፈርና በቅንድብ ላይ ታስቦ ከተሣለ ቀለም ጋር በአንድ ሚዛን መቀመጥ የለበትም። ስለ ቀልደኞችም ደረሶች ይጠይቃሉ። በአዲስ አበባ የትያትር መድረክ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሴት ተዋንያን ባለመኖራቸው የሴትን ገጸ ባሕርይ ወንዶች ይጫወቱ ነበር፤ ዛሬ ሻሽ አሥሮ የሚያስቅ ወንድ በየስልኩ አለ። ሐዲሱ ቀልድን ለይቶ አላወጣምና መልሱ ክልከላ ነው። የሚያስደንቀው ግን ቀልደኛውን አይቶ የሚስቀው ተመልካች በመንገድ ላይ ያየውን ልጅ ለመደብደብ የሚነሣ መሆኑ ነው።

ከተፈጥሮ የሆነና ሆን ተብሎ የተደረገ

ብዙ ጊዜ የሚረሳው ነጥብ ይህ ነው። ኢማም ነወዊ (676 ሂጅሪ የሞቱ) በሰሒሕ ሙስሊም ማብራሪያቸው ሙኸነስ የሚባለውን ሰው በሁለት ይከፍሉታል። አንደኛው በአነጋገሩ፣ በአረማመዱና በእንቅስቃሴው በተፈጥሮው ልስልስነት ያለበት ነው፤ ይህ ሰው ወቀሳም፣ ኃጢአትም፣ ቅጣትም የለበትም፤ አልመረጠውምና። ሁለተኛው ሆን ብሎ የሚመሳሰል ነው፤ እርግማኑ የሚመለከተው ይህን ነው። ኢብን ሐጀር በዚህ ላይ ጨምረው፣ ባለ ተፈጥሮው ሊተወው የሚችለውን ቀስ በቀስ እንዲተው መመከር እንዳለበት፣ መቻል ያቃተው ግን እንደማይወቀስ ያብራራሉ። ከእነርሱ በፊት በ310 ሂጅሪ የሞቱት ጠበሪ ማስረጃቸውን ከኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ.) ሐዲስ አውጥተዋል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት ይገባ የነበረ ሙኸነስ እንዳይገባ የተከለከለው የጣኢፍን ሴት ገላ ሲገልጽ ከተሰማ በኋላ ነው፤ ያን እስኪናገር ድረስ ሁኔታው ብቻ አላስከለከለውም።

በዚህ ከተማ «ሴታሴት» የሚለው ስድብ በትምህርት ቤት ግቢ ሲወረወር የሚያርፈው ባብዛኛው በመጀመሪያው ዓይነት ልጅ ላይ ነው። ቲርሚዚ የዘገቡት አንድ ሐዲስ ሰውን «ሙኸነስ ሆይ» ብሎ የጠራ ሃያ ግርፋት እንዲገረፍ ያዛል። ሰነዱ ደካማ መሆኑን ራሳቸው ቲርሚዚ ጠቁመዋል፤ ነገር ግን ፈቂሆች ይህን ስድብ ተዕዚር ከሚያስከትሉ ስድቦች ቆጥረውታል። ሱረቱል ሑጁራት በ11ኛውና በ12ኛው አንቀጽ መሣለቅን፣ በመጥፎ ስም መጠራራትን፣ ክፉ ጥርጣሬንና መሰለልን አከታትላ ስትከለክል ለዚህ ዓይነቱ ሰው የተለየ በር አልከፈተችም።

ነሐሴ 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ሰላምና ጸጥታ ቢሮ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ይፈጸምባቸዋል በተባሉ ሆቴሎችና መዝናኛ ቤቶች ላይ እርምጃ እንደሚወስድ አስታወቀ። በዚያ ሰሞን የሰዎችን ፎቶ እየለጠፉ የሚያጋልጡና ለጥቃት የሚያነሣሡ ቪዲዮዎች በቲክቶክ ተሠራጩ። የወንጀል ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 414/1996) አንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው፤ ስለ ልብስ፣ ስለ ኩል ወይም ስለ አረማመድ አይናገርም። ሸሪዓም ድርጊትንና አለባበስን በተለያየ ምዕራፍ ያስቀምጣል፤ በድርጊቱ ላይ የሚፈለገው ማስረጃ ከባድ ነው፤ ከልብስ ተነሥቶ ድርጊትን መደምደም ደግሞ ያለ ምስክር ስም ማጥፋት፣ ማለትም ቀዝፍ፣ ወደሚባለው ከባድ ኃጢአት ያንደረድራል።

ስለ ቅጣትም አቡ ዳውድ ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ.) የዘገቡት አለ። እጁንና እግሩን በሒና ያቀለመ ሙኸነስ ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቀረበ። በሴቶች እንደሚመሳሰል ሲነገራቸው ነቂዕ ወደሚባል ስፍራ እንዲወሰድ አዘዙ፤ ስፍራው ከመዲና ወጣ ያለ ነው፤ የመቃብር ቦታ ከሆነው በቂዕ ጋር መምታታት የለበትም። እንግደለውን ብለው ሲጠይቋቸው ሰጋጆችን መግደል እንደተከለከሉ መለሱ። በሰነዱ ላይ የሐዲስ ሊቃውንት ተነጋግረዋል። ያም ሆኖ ሐዲሱን ለቅጣት ማስረጃ የሚያቀርብ ሰው መጨረሻውንም አብሮ ማንበብ ግዴታው ነው፤ ሰውየው ተነቀፈ፣ ራቀ፣ ነገር ግን ከሰጋጆች ተራ አልወጣም፤ ውሳኔውም የባለ ሥልጣኑ እንጂ ዙሪያውን የቆሙት አልነበረም።

በረመዳን ዋዜማ ለኢማሞች የሚቀርብ አንድ ተግባራዊ ጥያቄ ቀርቷል፤ ድምፁ የቀጠነ፣ እንቅስቃሴው የለሰለሰ ወጣት ሓፊዝ ተራዊሕ ያሰግዳልን? ቡኻሪ ከዙህሪ የጠቀሱት ቃል ያለ ግዴታ ከሙኸነስ ኋላ መስገድን አይወድም፤ ይህንም የሚጠቅሱ ጀመዓዎች አሉ። ኢብን ሐጀር ግን ቃሉ በኑን ከስራና በኑን ፈትሓ እንደሚነበብና ትርጉሙም እንደሚለያይ አመልክተው፣ ልስልስነቱ ከተፈጥሮው ከሆነ ሰው ኋላ መስገድን የሚከለክል ነገር እንደሌለ የተናገሩ ዓሊም መኖራቸውን ያስረዳሉ። ስለሆነም ጀመዓው በዚህ ወጣት ጉዳይ ሊጠይቀው የሚገባው ሒፍዙን፣ ተጅዊዱንና የሰላትን አሕካም ማወቁን ነው።